ውጭ የሚቀመጥ የእንጨት ሶፋ ለባሕር ዳር ጓሮ፦ ቦታው፣ እግሩ፣ እንጨቱና ቅቡ እንዴት ይመረጥ?

ፀሐይዋ በረድ ብላ ከጣና በኩል ነፋስ ሲመጣ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ጓሮ ያለው ሰው ወንበሩን ይዞ ይወጣል። ያ ወንበር ግን ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ ወይም ደግሞ ከሳሎን የወጣ አሮጌ ሶፋ ነው። ለጓሮው ተብሎ የተሠራ ጥሩ የእንጨት ሶፋ ብዙ ቤት አላይም። ያሠሩትም ቢሆኑ ሁለት ክረምት ሳይሞላው እግሩ በስብሶባቸው «ውጭ እንጨት አይሆንም» ብለው ይተዉታል። እኔ ደግሞ ይሆናል ባይ ነኝ። ምርጫው ከየት እንደሚጀመር ማወቅ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው እንጨት ይሻላል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ሦስተኛ ላይ ይቆይ። አንደኛው ሶፋው የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው እግሩ ምን ላይ ይቆማል ነው። ምክንያቱም እኛ ጋ እንጨቱን የሚጨርሱት ሦስት ነገሮች ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አለ፤ ሐምሌና ነሐሴማ አፈሩ አይጠጣውም። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የበጋ ፀሐይ ይመጣል፤ የራሰውን እንጨት በአንድ ጊዜ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ምስጡ ዓመቱን ሙሉ አለ። ሦስቱንም ብቻውን ችሎ የሚቆም እንጨት በርካሽ አይገኝም። ጥሩ ቦታና ጥሩ እግር ካገኘ ግን መካከለኛ እንጨትም ብዙ ዓመት ያገለግላል።

በረንዳ፣ ዛፍ ሥር ወይስ ሜዳው ላይ?

ጣሪያ ሥር የሚውል ሶፋ ከሁሉም ይሻላል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የዘጌን የቆዩ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ልብ ይበል፤ ጣሪያቸው ከግድግዳው ራቅ ብሎ ነው የሚወርደው። ዝናቡ እንጨቱና ሥዕሉ ጋ ሳይደርስ መሬት ላይ ይወድቃል። የእኛ ቤቶች የቆርቆሮ ክፈፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ በረንዳው ግማሽ ድረስ ይረጥባል። ስለዚህ «በረንዳ ላይ ነው» ከማለታችሁ በፊት በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ቀን ውሃው እስከ የት እንደሚገባ እዩ። ሶፋው ከዚያ መስመር ወደ ውስጥ ይሁን።

ዛፍ ሥር ማስቀመጥ ያምራል። ጥላው ከፀሐይ ያድነዋል። ግን ዝናቡ ካባራ በኋላም ቅጠሉ ለሰዓታት ያንጠባጥባል፤ እንጨቱ የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም። ማንጎ ከሆነ ሙጫውም ፍሬውም ይወድቅበታል፤ የወፉ ኩስ ሳይቆጠር። ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ሶፋ ቀለም የተቀባና በቀላሉ የሚታጠብ ይሁን። በተፈጥሮ መልኩ የሚያምር እንጨት እዚያ ማስቀመጥ እንጨቱን ማባከን ነው።

ክፍት ሜዳ ላይ ለሚቀመጥ ግን ሌላ አሠራር ያስፈልገዋል። ወደ ታች እመለስበታለሁ።

እግሩ ሶፋውን ይወስነዋል

የተበላሸ የውጭ ሶፋ ስታገኙ ገልብጡትና እዩት። መደገፊያው ደህና ነው። መቀመጫው ደህና ነው። እግሩ ግን ከታች አምስትና ስድስት ሴንቲ ሜትሩ ጠቁሯል፣ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። እንጨት ውሃን አብዝቶ የሚጠጣው በጎኑ ሳይሆን በተቆረጠው ጫፉ ነው። እግር ማለት ደግሞ የተቆረጠ ጫፉ መሬት ላይ የቆመ እንጨት ነው። እርጥቡ ላይ አቁመነው ክረምቱን ሙሉ እንዲጠጣ እናደርገዋለን ማለት ነው።

ምስጡም የሚወጣው በዚያው ነው። እርሳስ የምታህል የጭቃ መስመር ከመሬት ተነስታ በእግሩ ጎን ስትወጣ ካያችሁ መንገዱን ሠርቷል ማለት ነው። በጣት ፈርፈር አድርጓት፤ ነጫጮቹ ውስጥ ሲርመሰመሱ ታያላችሁ። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር አይወድም። ለዚህ ነው ጭቃውን እየለጠፈ ተከልሎ የሚሄደው። እግሩ ጥቁር ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ከቆመ ይህን መስመር በግልጽ ከመሥራት ሌላ አማራጭ የለውም። እናንተም ሳምንት ሳይሞላ ታዩታላችሁ፤ ጠርጋችሁ ትጥሉታላችሁ። እግሩ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ግን የምታዩት ነገር አይኖርም።

ሦስት አማራጭ አለ። አንዱ እግሩን ቀብሮ መትከል ነው፤ አይነቃነቅም፣ ሌባም አይወስደውም። እኔ አልመክረውም፤ ምንም ዓይነት እንጨት ቢሆን። ሁለተኛው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የሲሚንቶ መቆሚያ ማዘጋጀት ነው። ለአብዛኛው ቤት የሚበቃው ይሄ ነው። ሦስተኛው እግሩ ሥር ከብረት የተሠራ ጫማ መግጠም ነው፤ ብየዳ ቤት በቀላሉ ይሠሩታል። እንጨቱ ጨርሶ መሬት አይነካም። ታች ያሉት የሐይቁ ዳር ሰፈሮች ክረምት ላይ ጓሯቸው ውሃ ያቁራል። እዚያ ላለ ሰው ይህ ሦስተኛው ይሻለዋል።

የቱንም ብትመርጡ የእግሩን የታችኛውን ጫፍ ቀለም በተቀዳበት ቆርቆሮ ውስጥ ነክራችሁ አቆዩት። እስኪጠግብ ይጠጣ። ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት አይወስድም፤ ከውድ ቫርኒሽ ሁሉ የበለጠ ይጠቅማል።

አሁን ወደ እንጨቱ

ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፤ ዋጋውም ይቀመሳል። ግን ባሕር ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ቀዩ ባሕር ዛፍ፣ ከመራዊ አካባቢ በብዛት የሚመጣው፣ ውስጡ ቀላ ያለና ከባድ ነው፤ እርጥበትን ከነጩ ይልቅ ይቋቋማል። የማይታመነው ከቅርፊቱ ቀጥሎ ያለው ነጣ ያለው ክፍል ነው። ነቀዝ እሱን ይወዳል። ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) ስትመርጡ ነጣ ያለ ጎን የበዛበትን መልሱት።

የባሕር ዛፍ ትልቁ ችግር ጠባዩ ነው። እርጥቡን ከገዛችሁት ይጠማዘዛል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ዛሬ በውሃ ልክ የተሠራ ሶፋ ከሁለት ወር በኋላ አንድ እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሻጩ «ደርቋል» ይላችኋል። ቁራጭ ለምናችሁ ውሰዱ፤ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑትና ቤት ውስጥ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመዝኑት ቀሎ ከተገኘ አልደረቀም። ያልደረቀውን መግዛት ክፋት የለውም፤ ርካሽ ነው። ግን ጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ጭራሮ እንጨት እየገባ፣ አየር እየዞረው፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኖ ወራት ይቆይ። ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ላድርቅ ብትሉ ይሰነጠቃል።

የፈረንጅ ጥድ ሌላው ምርጫ ነው። ቀላል ነው። መላጊያው ሰተት ብሎ ይሄድበታል። ብሎን ሲገባበት አይሰነጠቅም። እንደ ባሕር ዛፍ አይጠማዘዝም። ለስላሳ ስለሆነ ግን ቶሎ ይጫጫራል፤ ቋጠሮውም ብዙ ነው። ትልቅ ቋጠሮ መሃሉ ላይ ያለበት ጣውላ ሰው ሲቀመጥበት እዚያው ላይ ነው የሚሰበረው። እኔ ለሰውነት የሚነካው ክፍል፣ ማለትም ለመቀመጫና ለመደገፊያ ጣውላ፣ የፈረንጅ ጥድ እመርጣለሁ። ለአጽሙ ደግሞ ደረቅ ቀይ ባሕር ዛፍ። በረንዳ ላይ ለሚውል ሶፋ ከዚህ ጥምረት የተሻለ በዚህ ዋጋ አላውቅም።

ስለ ዋንዛ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዋንዛ ቆንጆ ነው። ቡናማ መልኩ፣ የመስመሩ አወራረድ፣ ለመሮ መመቸቱ ሁሉ ልዩ ነው። ውጭ ግን ፀሐዩ መልኩን መጥጦ ግራጫ ያደርገዋል፤ የከፈላችሁበት ውበት ይጠፋል። በዚያ ላይ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ በደን ሕግ ጥበቃ የሚደረግላቸው ዛፎች ናቸው። ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መግዛት ልክ አይደለም። ከገበሬ ማሳ ወይም ከግቢ የተቆረጠ፣ ወረቀት ያለው ዋንዛ ካገኛችሁ ለሳሎን አድርጉት። ጓሮው አይመጥነውም።

የሐበሻ ጥድ ባለመበስበስ ሁሉንም ያስከነዳል። የቀላው ውስጡ ሽታው ራሱ ነቀዝና ምስጥ ያርቃል፤ አባቶቻችን ለአጥርና ለቤት ምሰሶ የመረጡት በከንቱ አይደለም። ግን ስለ ሕጉ ያልኩት እዚህም ይሠራል። የቆየ ቤት ሲፈርስ የሚወጣ የጥድ ምሰሶ ካጋጠማችሁ ግን አትለፉት። ለአራቱ እግር ብቻ ይብቃ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ግራቪሊያ በየግቢው አለና አንዳንዱ ቆርጦ ያሠራል። መስመሩ ያምራል፤ ምስጥ ግን አይምረውም። ጣሪያ ሥር፣ ለመደገፊያና ለክንድ ማሳረፊያ ይሁን። ሲሞረድ ብናኙ ቆዳ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉና ቆዳችሁንም፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

ቀርከሃ ደግሞ ከእንጅባራ በኩል ይመጣል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ መልኩ ከጓሮ ጋር ይሄዳል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ለጋ ቀርከሃ ከሆነ ግን ነቀዝ ወዲያው ይገባዋል። ሶፋው ሥር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ጠዋት ጠዋት ካገኛችሁ እሱ ነው። ዝናብ የሚያገኘው ቀርከሃ ቶሎ ይጠቁራል፣ ማሰሪያውም ይላላል። ክረምት ሲመጣ አንስቶ ወደ ውስጥ ማስገባት ለሚችል ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቀላልነቱ ይረዳል።

ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበት የጣውላ መደብ፣ ፈጣኑ መንገድ ነው። ሁለቱን ደራርቦ ሌላውን ለመደገፊያ ማቆም ነው። ተከራይ ለሆነ ሰው፣ ነገ ሌላ ሰፈር ለሚሄድ ሰው፣ ይበቃል። ጎኑ ላይ የታተመውን ምልክት ግን አንብቡ። «ኤች ቲ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ በሙቀት የታከመ ነው፤ ችግር የለውም። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ልጆች የሚጋደሙበት ሶፋ አይሁን። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት ፓሌትም ቢታጠብ አይለቅም፤ ተዉት።

ኮምፔንሳቶና ቺፑድ (በሙጫ ተጣብቀው የሚሠሩት ስስ ጣውላዎች) ውጭ አይነሱ። የመጀመሪያው ዝናብ ያሳብጣቸዋል።

ሜዳ ላይ ለሚቀመጥ

ጣሪያ የሌለው ቦታ ከሆነ የእኔ ምርጫ አጽሙ ብረት፣ መቀመጫው እንጨት የሆነ ሶፋ ነው። 4 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይበቃል። ምስጥ አይበላውም፣ አይጠማዘዝም። ጣውላው ሲያረጅ በብሎን ፈትቶ አንዱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ብረቱን የሚበላው ዝገት ነው፤ ዝገቱ ደግሞ ከሁለት ቦታ ይጀምራል። አንዱ ብየዳው ላይ ነው። ሌላው ከታች ክፍት በቀረው የቱቦላሬ አፍ ነው፤ እርጥበት በዚያ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በያጁ የሁሉንም አፍ በላሜራ ይድፈንላችሁ። ብየዳውን አስሞርዳችሁ ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ አስቀቡ፤ ከዚያ ነው ዋናው ቀለም።

ሁሉም እንጨት ይሁን የሚል ካለ እሺ፤ ግን ወፈር ያለ እንጨት፣ የዘይት ቀለም፣ የብረት ጫማ። ሦስቱ ካልተሟሉ ባይጀመር ይሻላል።

ምስማር፣ ብሎን ወይስ በመሮ የተጋጠመ?

ምስማር ፈጣን ነው። ሶፋ ግን ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ይነቃነቃል፤ ምስማሩ ቀስ በቀስ ይወጣል። ባሕር ዛፍ ላይ ደግሞ ሳይበሱ ምስማር መምታት መሰንጠቅ ነው። በመሮ ተቦርቡሮ፣ አንዱ እንጨት ሌላው ውስጥ ገብቶ በኮላ የሚያያዘው አሠራር ያምራል፤ ጥሩ አናጢ ካላችሁና በረንዳ ላይ ከሆነ እሱን ምረጡ። ዝናብ በሚያገኘው ቦታ ግን ቀዳዳው ውስጥ ውሃ ያድራል።

ለውጭ ሶፋ ብሎንና ዳዶ (ብሎኑ የሚታሰርበት) ይሻላል፤ ከነሮንዴላው (ከሥሩ ከሚገባው ቀለበት) ጋር። ሲላላ በመፍቻ ማጥበቅ ይቻላል። ቤት ሲቀየር ይፈታል፤ በጋሪ ይጫናል። መጀመሪያ በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ይበሳ። ዚንክ የተቀባ ብሎን ግዙ። ተራው ብረት ከረጠበ ባሕር ዛፍ ጋር ሲነካካ ጥቁር ዕድፍ ያወጣል፤ ዕድፉ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግም ይመለሳል።

ቅቡ

ቫርኒሽ የተቀባ ቀን ዓይን ይስባል። ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ግን ይሰነጣጠቃል፤ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ ይቀራል፣ እንጨቱም ይጠቁራል። እንደገና ለመቀባት አሮጌውን ሁሉ መፋቅ ግድ ነው። በረንዳ ውስጠኛው ክፍል ላይ ከሆነ ብቻ ቫርኒሽ ቀቡ።

የእንጨት ዘይት ከላይ ሽፋን አይሠራም፤ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አይላጥም። በየዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሶፋው በደንብ ሲደርቅ፣ በጨርቅ ማሸት ነው። ሥራው እዳው ገብስ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር፦ በዘይት የራሰውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። በተለይ የተልባ ዘይት ያለበት ከሆነ ራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ጣሉት።

የዘይት ቀለም የእንጨቱን መልክ ይሸፍናል። ፀሐይንና ዝናብን ግን ከሁለቱም በላይ ይከላከላል። ለሜዳና ለዛፍ ሥር እሱ ነው።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለአጥር እንጨት ሲቀቡት ታያላችሁ። ሰው የሚቀመጥበት ላይ አይደረግም። ልብስ ያበላሻል፣ ለቆዳም ጥሩ አይደለም። የእርሻ ፀረ ተባይ መርጨትም እንደዚሁ ነው።

ልኩ

ለሦስት ሰው 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል፤ ለአንድ ሰው 60 መሆኑ ነው። ጥልቀቱ 60 ይሁን። መቀመጫው ወደ ኋላ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ለጀርባም ይመቻል፣ ውሃም አይቋጥርም።

ከፍታው ላይ ቤተሰቡን አስቡ። ቡና የሚፈላው እዚያው ጓሮ ከሆነ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ረከቦቱ ጋ ለመድረስ ማጎንበስ አለበት፤ በርጩማ ላይ ካሉት ጋር ጨዋታውም አይገጥምም። ለእንዲህ ያለ ቤት ከ35 እስከ 38 ይሻላል። አያት ካሉ፣ ጉልበት የሚያማቸው እናት ካሉ ደግሞ 45ቱ ይሁን፤ ከዝቅተኛ ሶፋ መነሳት ይከብዳቸዋል። ስፖንጅ የሚኖረው ከሆነ ውፍረቱን ከዚህ ቀንሱ።

ለመግዛት እንዲቀላችሁ፦ ለባለ 180 ሶፋ ባለ 4 ሜትር የ5 በ7 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ አራት ያስፈልጋል፤ ትርፍ ይኖረዋል። ለመቀመጫው 9 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ውፍረት ያለው ጣውላ ስድስት፣ ለመደገፊያው አራት። በጣውላዎቹ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀመጥ። ከአንድ ባለ 4 ሜትር ጣውላ ሁለት ስለሚወጣ አምስት ጣውላ ይበቃል። ከመቀመጫው ሥር በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ደጋፊ እንጨት ይግባ። አናጢዎች ይህንን መሃለኛ ደጋፊ ለመቆጠብ ይተዉታል፤ ጣውላው የሚጎብጠው በዚህ ነው።

ስፖንጁ ውጭ አይደር። ዚፕ ያለው ልብስ አሰፉለትና ማታ ይግባ። ይህን ማድረግ የማይመቻችሁ ከሆነ ስፖንጅ ጨርሶ ይቅርና ሰሌን ይነጠፍ፤ ቢረጥብም ቶሎ ይደርቃል።

ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ ወይስ ታሠሩታላችሁ?

መጋዝና ትራፓኖ ካላችሁ፣ እንጨቱን ደግሞ መጋዝ ቤት አስለክታችሁ ካስቆረጣችሁ፣ የብሎኑን ሶፋ ማንም ሰው በሁለት ቅዳሜ ይጨርሰዋል። በመሮ የሚጋጠመውን ግን ለአናጢ ስጡ። ለአናጢ ስትሰጡ «ሶፋ ሥራልኝ፣ ስንት ነው?» አትበሉ። እንጨቱን ራሳችሁ ግዙ፤ የእጁን ብቻ ተዋዋሉ። የብሎኑን ዓይነት፣ የመሃል ደጋፊውን ብዛት፣ የእግሩን ጫፍ መነከር በጽሑፍ አስቀምጡ። ቅቡ ሳይነካው በፊት ሄዳችሁ እዩት፤ ገልብጡት፣ መገጣጠሚያውን ነቅንቁት፣ ኮላና የመጋዝ ብናኝ የተሞላ ስንጥቅ ካለ በዚያው ቀን ይቀየር። ግማሹን ክፍያ ሶፋው ጓሯችሁ ገብቶ፣ አራቱም እግሮቹ ድንጋዩ ላይ በእኩል ሲቆሙ ስጡ።

እንጨቱን በጥር ወይም በየካቲት ግዙ። ያኔ ደርቆ ይገኛል፤ ባይደርቅም ክረምቱ ሳይገባ የምታደርቁበት ጊዜ አላችሁ። ሚያዝያ ላይ ተሠርቶ ግንቦት ላይ ቅቡን ከጠገበ ለሰኔ ዝናብ ዝግጁ ነው።